አሸዋ አትሙሉበት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀን ስፌት፣ ማታ ቦክስ ነው ኑሮዬ። አሁን አሁን ደግሞ ራሴ ከምሠራው የሰፈር ልጆችን የማሠራው ይበዛል። የምንመታውን ከረጢት የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ሲቀደድም እኔው እጠግነዋለሁ። ለዚህ ነው አንድ ጥያቄ ከጆሮዬ የማይጠፋው፤ «ጋሼ፣ የትኛው ባግ ይሻለኛል?»

ይህን የሚጠይቀኝ ልጅ ብዙ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ጥቁርና ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ከረጢት ያሳየኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ልጁን ነው። ሲመታ እግሩ የት ነው? እጁ ወደ አገጩ ይመለሳል ወይስ ወገቡ አካባቢ ወድቆ ይቀራል? ርቀቱን ያውቃል ወይስ ከረጢቱን አቅፎት ነው የሚመታው? ምርጫው መነሳት ያለበት ከዚህ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ብቻውን ከተያዘ የሚያበላሸውም ነገር አለ።

ለጀማሪ ግን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በሰንሰለት የሚንጠለጠለው ረጅሙና ከባዱ ይቅደም። ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ከጎን ወደ ጎን 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ክብደቱ የሰውየውን ግማሽ ይሁን የሚል የቆየ መለኪያ አለ፤ እኔም በሱ ነው የምሄደው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 30 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ በጣም ከቀለለ በመታችሁት ቁጥር ይሸሻል፤ እናንተም እሱን ስታሳድዱ ታመሻላችሁ። በጣም ከከበደ ደግሞ ንቅንቅ አይልም፤ የለቀቃችሁት ጉልበት ተመልሶ የእጃችሁ አንጓና ትከሻችሁ ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ አሸዋው ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነውና።

ከጠባሴ በኩል የሚመጣ አንድ ልጅ አለን። ጎበዝ ነው፣ ሰዓት አያሳልፍም። አንድ ሰሞን ጠፋና ሲመለስ ቀኝ እጁ አብጧል። ምን ሆነህ ብለው ቤቱ ከረጢት ሠርቷል። የማዳበሪያ ጆንያ ሁለት ደርቦ አሸዋ ሞላበት፤ በሲባጎ አስሮ ከጓሯቸው ካለው ባህር ዛፍ ላይ ሰቀለው። ሄጄ አየሁት። ከላይ ያለው ግማሽ ተንጠልጥሎ ባዶ ሆኗል፤ ጣቴን ስሰድበት ጆንያው ብቻ ነው። ከታች ያለው ደግሞ ድንጋይ ነው። አሸዋ በተመታ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፣ በራሱ ክብደት ይጠቀጠቃል፣ እርጥበት ካገኘ ደግሞ ይብሳል። ልጁ የሰውነት ምት ልለማመድ ብሎ ዝቅ አድርጎ ሲለቅ ያረፈው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

እጅ ከሚታሰበው በላይ ስስ ነው። ስትመቱ ጉልበቱ መሄድ ያለበት በአመልካች ጣትና በመሃል ጣት መነሻ አጥንቶች ነው፤ እነሱ ከክንድ አጥንት ጋር ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። ምቱ ትንሽ ከተዛነፈ ግን ጫናው ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል። ከትንሿ ጣት ጀርባ ያለው ቀጭን አጥንት ደግሞ በቡጢ ምክንያት በብዛት የሚሰበረው ነው። ለስላሳ ከረጢት ላይ ብትዛነፉ ያማችኋል፣ ታስተካክላላችሁ። አሸዋ ላይ ለማስተካከል ዕድል የላችሁም። የኛ ልጅ ሐኪም ቤት ሄዶ ስብራት የለም ተብሏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሆንም ጓንት ሳያጠልቅ ብዙ ሳምንት ቆየ።

ስለዚህ በምን እንሙላው? በጨርቅ። እኔ ዘንድ ቁርጥራጭ ሞልቷል፤ እናንተም ሰፈራችሁ ያለውን ልብስ ሰፊ ብትጠይቁ ደስ ብሎት ይሰጣችኋል፣ ቦታ ስለሚያጣብብበት። የማይለበስ ሳልባጅ፣ አሮጌ አንሶላ፣ የተበጣጠሰ ብርድ ልብስ ሁሉ ይሆናል። ቁልፉንና ዚፑን ግን አንድ ሳታስቀሩ ቁረጡ። አንዲት የሱሪ ቁልፍ ከሸራው ሥር ገብታ በጓንት በኩል እንዴት እንደምትወጋ ያየ ሰው ይህን አይዘልም። ከዚያ ጨርቁን እጅ በሚያህል ስፋት ቅደዱት። ሙሉ ሸሚዝ ከገባ ውስጥ ለውስጥ ይጠቀለልና አንዱ ቦታ ጉብታ፣ አንዱ ቦታ ጉድጓድ ይሆናል። የበግ ፀጉርስ የሚሉኝ አሉ፤ የመንዝ አገር ሰው ሆነን ፀጉሩ እጃችን ላይ ስላለ ነው። እኔ ብቻውን አልመክረውም። እየተመታ ይጓጉላል፣ ላብና እርጥበት ይዞ ይሸታል፣ ብልም ይወደዋል። የመንዝ ፀጉር ባና ይሠራበት።

ሸራው የጭነት መኪና ሸራ ቢሆን ይመረጣል። ለ35 ሳንቲ ሜትር ክብ ዙሪያው 110 ይሆናል፤ ለስፌት አራት ሳንቲ ጨምራችሁ 114 ቁረጡ። ለታችኛው ክብ ደግሞ 39፤ እሱን ሁለት ድርብ አድርጉት። በናይለን ክር፣ ሁለት መስመር ስፌት። የቤት ስፌት መኪና አይችለውም፤ ወፍራም መርፌ የሚቀበል መኪና ያለው ሰው ጋ ውሰዱት። እዚህ ላይ ዋናው ምስጢር ማንጠልጠያው ነው። ብዙ ሰው ማንጠልጠያውን አፉ ላይ ብቻ ይሰፋና ያ ሁሉ ኪሎ በአንድ መስመር ክር ላይ ይንጠለጠላል። እኔ ከጋራዥ አሮጌ የመኪና ቀበቶ እገዛለሁ። ሁለት ረጃጅም ቀበቶዎች፣ እያንዳንዳቸው ወደ ሦስት ሜትር፣ ከአፉ ተነስተው በጎኑ ወርደው በታች በኩል ተሻግረው በሌላው ጎን ይወጣሉ። ከሥር ሲገናኙ መስቀል ይሠራሉ። ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ቀበቶው ነው፤ ስፌቱ ሥራው ጨርቁን ማቀፍ ብቻ ይሆናል።

ስትሞሉ ጭብጥ ጭብጥ እያላችሁ አትክተቱ። አንድ ስንዝር ከሞላችሁ በኋላ ጠቅጥቁት። እኔ የምጠቀመው ዘነዘና ነው፤ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። ከታች ቀለል አድርጋችሁ፣ ወደ ላይ ስትመጡ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። ምክንያቱም ከተሰቀለ በኋላ የላዩ ክብደት የታችኛውን ራሱ ይጠቀጥቀዋል። ኪሎው ካልሞላላችሁ አሸዋ መጨመር ይቻላል፤ ግን በየአንድ ኪሎው በወፍራም ላስቲክ ታስሮ፣ ጨርቅ ተጠቅልሎበት፣ ልክ መሃሉ ላይ። ከጎኑ ቢያንስ አሥር ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይኑር። ከዚያ ሰቅላችሁ ሳምንት ተዉት። ይሰምጣል። አፉን ፈታችሁ ሙሉት፣ እንደገና እሰሩት። ቡጢያችሁን ጨብጣችሁ ስትገፉት ሁለት ሦስት ሳንቲ መግባት አለበት። ካልገባ ጠንክሯል፤ ትንሽ ቀንሱለት።

ከፋብሪካ የመጣ ገዝታችሁም ከሆነ ይህንን ፍተሻ አድርጉ። ባዶ የሚሸጥ አለ፣ ተሞልቶ የሚሸጥ አለ። የተሞላው ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ርቀት ተጭኖ ሲመጣ ግን ውስጡ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ከላይ እስከ ታች እየዞራችሁ ዳብሱት። ውጫዊው ሰው ሠራሽ ቆዳ ከሆነ ፀሐይና ብርድ ላይ አታሳድሩት፣ ይሰነጠቃል።

መስቀያው ሌላ ጣጣ ነው። የጭቃ ቤት ወራጅ ላይ አትስቀሉ። 30 ኪሎ ቆሞ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሲመታና ሲወዛወዝ ግን በእያንዳንዱ ምት ምስማሩን እየነቀለ፣ ቆርቆሮውን እያላላ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይነግራችኋል። ከቤቱ የተለየ ነገር ትከሉ። እኛ ግቢ ያለው ሁለት ወፍራም የባህር ዛፍ ቋሚ ነው፤ ከጉልበት በላይ ተቆፍሮ የተተከለ፣ የሚቀበረው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ። በላያቸው ላይ በያጁ የሠራልን ቱቦላሬ ተጋድሟል፤ መሃሉ ላይ ወፍራም ቀለበት ተበይዷል። ከላይ ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ አልብሰነዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሸራው ውኃ ከጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ውስጡም ይሻግታል። ሰንሰለቱ የሚገናኝበት ቀለበት በጊዜ ብዛት ይበላል። ወር ሳይሞላው አንዴ በእጃችሁ ዳብሱት።

እሺ፣ ከባዱ ከረጢት ተሰቀለ። ልጁ ይመታል፣ ድምፁ ያምራል፣ ትከሻው ይሞላል። ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ከባድ ከረጢት መልሶ አይመታም። ጎንበስ አይልም፤ ከፊታችሁ ዞር ብሎ አያመልጥም። እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ብትቆሙ የሚቀጣችሁ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ እሱን ብቻ የመታ ልጅ ሪንግ ሲገባ ይታወቃል። ይመታና ቆሞ ያያል፤ የመታውን ሥራ ሊያደንቅ የቆመ ይመስላል።

ስለ ከባድ ከረጢት ሲወራ አሜሪካዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ጆርጅ ፎርማን መነሳቱ አይቀርም። ከረጢቱን እየደበደበ ጎድጓዳ የሚያደርግ ሰው ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ኪንሻሳ ላይ ከመሐመድ አሊ ጋር ሲገናኝ ብዙ ሰው ለአሊ ነበር የፈራው። አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ፣ ክንዱን ጋሻ አድርጎ አስመታው፤ ጉልበቱን አስጨረሰውና በስምንተኛው ዙር ዘረረው። የፎርማን ጉልበት ሐሰት አልነበረም፤ በኋላም በ45 ዓመቱ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ግን ያን ሌሊት ከፊቱ ያለው የሚያስብ ሰው ነበር። ልጆቼን ከባዱ ላይ ብዙ ሲቆዩ ሳይ ይህን አነሳባቸዋለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛ ከረጢት ልትጨምሩ ካሰባችሁ ሌላ ከባድ አትጨምሩ። የሚንቀሳቀስ ይሁን። እኔ ከሁሉም የምወደው ከላይና ከታች በላስቲክ የሚወጠረውን ኳስ ነው፤ ደብል ኤንድ የሚሉት። ትመቱታላችሁ፣ ይሄዳል፣ ወዲያው ወደ ፊታችሁ ይመለሳል። እጃችሁ ዝቅ ካለ አፍንጫችሁን ይነካችኋል። ማንም አሠልጣኝ ሺህ ጊዜ «እጅህን መልስ!» ከሚል ይህ ኳስ አንዴ ቢነካው ልጁ ይማራል። አሠራሩም ቀላል ነው። አየር የሚይዝ አሮጌ ኳስ በሸራ አልብሱት፣ ከላይና ከታች ቀለበት ስፉበት። ለላስቲኩ የባጃጅ ወይም የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁረጡ። ኳሱ ከአገጫችሁ ትይዩ ይሁን። ላስቲኩ ሲጠብቅ ምላሹ አጭርና ፈጣን ነው፤ ሲላላ ሰፊ ይወዛወዛል፣ አመጣጡም አይታወቅም። ጀማሪ መካከለኛ አድርጎ ይወጥረውና ጃብ፣ ማለትም ከፊት ባለው እጅ የሚለቀቀውን ፈጣን ቀጥተኛ ምት፣ ብቻ ይለቅበት። አንድ ጃብ፣ ከዚያ ጭንቅላት ወደ ጎን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያናድዳል። ታገሱት።

ትንሿ፣ የዕንባ ቅርጽ ያላት፣ ከጣውላ ሥር ተንጠልጥላ ታታታ የምትለው ስፒድ ባግ ሁሉም ሰው የሚመኛት ናት። ደስ ትላለች፣ አልክድም። ትከሻ ታጠነክራለች፣ እጅ ከፍ ብሎ መቆየትን ታስለምዳለች። በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ጣውላውን ሦስት ጊዜ ትነካለች፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ይህን በጆሮ ከያዛችሁት እጃችሁ ይከተላል። ሆኖም ቡጢው እውነተኛ ቡጢ አይደለም፤ እግርም ይረሳል። ጣውላው ወፍራም ካልሆነና በደንብ ካልታሰረ ደግሞ ኳሷ ትሞታለች፣ ምላሽ አትሰጥም። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ብትመጣ ይበቃታል።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ፣ ወይም አከራያቸው ምስማር አታስመቱብኝ ለሚሏቸው፣ በራሱ መቆሚያ የሚቆመው አለ። መሠረቱ ውኃ ወይም አሸዋ ይሞላል። ሳይታሰር እንዲሁ የሚፈስ አሸዋ የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው፤ ማንም መሠረቱን አይመታውምና። ከውኃ ይልቅ አሸዋ ይከብዳል፣ ስለዚህ ቶሎ አይንሸራተትም። ደረቅ አሸዋ ይሁን። ለጀማሪ፣ ለቀላል ሰውነትና ላብ ለማውጣት ጥሩ ነው። ጉልበተኛ ሲመታው ግን ይሄዳል፤ ታችኛው ቤት ያሉ ጎረቤቶችም ማታ ማታ ይሰማቸዋል። ሥሩ ወፍራም ምንጣፍ አድርጉበት፣ ሰዓቱንም ምረጡ።

ሌላ ትንሽ ከረጢት አለ፤ ድሮ በቆሎ ስለሚሞላበት ሜይዝ ባግ የሚሉት። እሱ ዋና ሥራው ለመመታት አይደለም። በጭንቅላት ቁመት ይሰቀላል፣ ይወዛወዛል፣ እናንተ ከሥሩና ከጎኑ ታመልጣላችሁ። እህል ማስገባት አልወድም፤ አይጥ ይጠራል፣ እህልም ነው። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አምጥቼ እሞላለሁ። እሱንም መስፋት የማይችል አንድ ገመድ በትከሻ ቁመት ከቋሚ ወደ ቋሚ ይወጥርና ከሥሩ እያለፈ ጉልበቱን አጥፎ ይሥራ። ገመድ ማንም ቤት አይጠፋም።

አሁን ስለ አገራችን አየር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ እሱም ይቦክሳል። ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በርን ወጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ በመጀመሪያው ዙር አፉን ይከፍታል። እኔ ደግሞ እነሱ ጋ ስወርድ ትንፋሼ ይበቃኛል፣ ሙቀቱ ግን ይጥለኛል። ስለዚህ የስልክ ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ፕሮግራም እንዳለ አትገልብጡ። በውድድር ዙሩ ሦስት ደቂቃ፣ ዕረፍቱ አንድ ደቂቃ ነው። አዲስ ሰው እዚህ በሁለት ደቂቃ ይጀምር። በእያንዳንዱ ምት በአፍንጫ «ስ» እያላችሁ አስወጡ፤ ትንፋሽ ይዞ የሚመታ ሰው እዚህ ከፍታ ላይ ቶሎ ያልቃል።

ብርዱም ቀልድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ አለ፤ ሸራው ራሱ ደርቆ ያድራል። ጣት ሳይሞቅ ከረጢት አይመታም። ገመድ ዝለሉ፣ አየር ላይ ምቱ፣ አንገትና ትከሻ አሙቁ፣ ላብ ጠብ ሲል ፋሻችሁን ጠቅልሉ። ፋሻው አራት ሜትር ተኩል ቢሆን አንጓውንም ጉልጥምቱንም ያዳርሳል። ለከረጢት 12 ወይም 14 አውንስ ጓንት ይበቃል። የመጀመሪያውን ዙር በግማሽ ጉልበት ሂዱበት።

እኛ ሳምንቱን እንዲህ ነው የምንከፋፍለው። ሰኞ ከባዱ ላይ ጃብና ቀጥታ ብቻ፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ጎን። ከረጢቱ ሲወዛወዝ በእጅ ማቆም ክልክል ነው፤ ሲመጣ ትጠብቁታላችሁ፣ ሲደርስ ትመቱታላችሁ፣ ርቀት የሚለካው እንደዚያ ነው። ረቡዕ ኳሱ። ዓርብ ሁለቱንም እያፈራረቅን፤ አንድ ዙር ከባዱ፣ አንድ ዙር ኳሱ። ያን ቀን የልጁ ድክመት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከባዱ ላይ ነጎድጓድ የነበረው ኳሱ ጋ ሲደርስ ይስታል፣ ይናደዳል። የሚናደደውን ነው እኔ የምከታተለው፤ የሚለወጠው እሱ ስለሆነ። ትንንሾቹን ግን ከባዱ ላይ በሙሉ ጉልበት አላስመታም። አጥንታቸው ገና እያደገ ነው። ገመድና የእግር ሥራ፣ ከዚያ በለስላሳው ቀስ ብለው ቅርጽ ይያዙ። እናቶች ሲጠይቁኝም መልሴ ይኸው ነው።

ሰሞኑን የጀመርኩት የዕንባ ቅርጽ ያለው ትልቁን ከረጢት ነው፤ ከላይ ቀጭን፣ ከታች ሰፊ። ከታች ወደ ላይ የሚለቀቀው አፐርካት ቀጥ ባለው ከረጢት ላይ አይመችም፣ እጅ ይንሸራተታል። በዚህኛው ላይ ግን ከሆዱ ሥር ይገባል። ከልጃገረዶቻችን አንዷ አፐርካቷ በጣም ጥሩ ነው፤ ለሷ ብዬ ነው። ሸራውን ስምንት ቁራጭ አድርጌ፣ ከታች ወገባቸው እንዲሰፋ ቆርጫለሁ። ስምንቱ ጫፍ ከሥር የሚገናኝበት ቦታ ግን ለስፌት አስቸግሮኛል፤ ሸራው ይደራረብና መርፌ ይሰብራል። ለጊዜው ጫፎቹን አሳጥሬ በቆዳ ክብ ልሸፍነው አስቤያለሁ። ከጫማ ሰፊዎች መካከል ይህን ያነበበና የተሻለ ዘዴ ያለው ካለ ይጻፍልኝ።